የባሕር ጃርት በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ፦ እሾኋ ሳይረግፍ ለማኖር ደረጃ በደረጃ

የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ የሚነግሩኝ ነገር ይመሳሰላል። የባሕር ጃርቷ፣ ያቺ እሾኻም ክብ የባሕር እንስሳ፣ በሰላም ገባች፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መስታወቱን ስትግጥ ሰነበተች፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ እሾኋ እንደ ክብሪት እንጨት አሸዋው ላይ ተበትኖ አገኙት። «ምን በሽታ ያዛት?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አልያዛትም። ወይ የውሃው ጨው ተዛብቶባታል፣ ወይ ተርባለች።

እኔም የመጀመሪያዋን ያጣሁት እንዲሁ ነው። ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ ገንዳውን ለታናሽ ወንድሜ አደራ ሰጠሁት። ውሃው በትነት እየጎደለ ሲሄድ እሱም አጠገቡ ካገኘው ጀሪካን በየቀኑ አራት ሊትር ያህል ጨመረበት። ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ግን የጨው ውሃ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ተመልሼ ስለካ 35 የነበረው ጨዋማነት (በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ያለው የጨው ግራም) 40 ደርሷል። ወንድሜ ያጠፋው ነገር የለም፤ ጀሪካኑ ላይ ምንነቱን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የማደርገውን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ደረጃ አትዝለሉ።

ለምን ጨው? ለምን መዋዠቅ?

ዓሣ በኩላሊቱና በስንጥቡ የሰውነቱን ጨው ያስተካክላል። የባሕር ጃርት ይህ አቅም የላትም፤ ቅርፊቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውጭ ያለውን ውሃ ተከትሎ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ዓሣው ምንም ሳይሆን የሚያልፈው ለውጥ እሷን ይገድላታል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመምታት ይልቅ ቁጥሩ ላይ መቆየት ይበልጣል። የምትይዟቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

- ጨዋማነት፦ በሺህ 35፤ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) ከ1.025 እስከ 1.026
- ሙቀት፦ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ
- ፒ ኤች (የአሲድነት ልኬት)፦ ከ8.1 እስከ 8.4
- አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመነጩ መርዞች)፦ 0
- ናይትሬት፦ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች
- ካልሲየም፦ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፤ አልካሊኒቲ (ፒ ኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የካርቦኔት መጠን) ከ8 እስከ 11 ዲ ኬ ኤች በሚባለው መለኪያ
- መዳብ፦ 0

1. ገንዳውን ቦታ አስይዙ

ለአንዲት ትንሽ ጃርት ከ150 እስከ 200 ሊትር ያዙ። ከዚያ ያነሰ ገንዳ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሊትር ውሃ ሲተን ጨዋማነቱ ወዲያው ይዘላል።

ባለ 200 ሊትር ገንዳ ከድንጋዩ፣ ከአሸዋውና ከመቆሚያው ጋር ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ በረንዳ ላይ በጭራሽ አታስቀምጡት፤ ከቢም በላይ ወይም ከዋናው ግድግዳ ጎን አቁሙት። ወለሉን በውሃ ልክ ለኩ። ቀጥታ ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት አርቁት።

ያገለገለ ገንዳ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን «የዓሣ መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዓሣ ቆዳ በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ መዳብ አለበት። መዳብ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጃርትን በጥቂቱ ይገድላል። መልሱ ካላጠገባችሁ ድንጋዩንም አሸዋውንም አትውሰዱ።

ሁለት መቶ ዋት የሚሆን አንድ ሂተር ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት ግዙ። ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊቱ ብርድ ቤት ውስጥም ይገባል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያችኋል፤ አንዱ ሳያጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ገንዳውን አይቀቅልም። ሂተሩን በፕላስቲክ ወንፊት ሸፍኑት። ጃርት ሌሊት ማንኛውም ነገር ላይ ትወጣለች፤ ትኩስ ሂተር ላይ ተጣብቃ የተቃጠለች ጃርት አይቻለሁ። የፓምፑንም መምጠጫ በስፖንጅ ሸፍኑ።

ስለ ከፍታችን አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠርዝ 25 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ያው ውሃ ከ5 ብዙም አይበልጥም። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ይህን አያሰሉልንም። ስለዚህ የውሃው ፊት ዘወትር መናወጥ አለበት፦ አንድ ፓምፕ አፉን ወደ ላይ አዙሩ፣ ፕሮቲን ስኪመር (በአየር አረፋ ቆሻሻን ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) ቀንና ሌሊት ይሥራ፣ ገንዳውን በመስታወት ክዳን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ።

2. ንጹሕ ውሃ አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ ቀጥታ አይገባም። ክሎሪን አለበት፤ የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ማዕድኑ ይበዛል፤ የሕንፃው ቧንቧና የነሐስ ቫልቭም መዳብና ዚንክ ይለቅቃሉ። ማፍላት አይረዳም፤ ክሎሪኑ ቢሄድም መዳቡና ናይትሬቱ እዚያው ይቀራሉ፣ እንዲያውም ውሃው ስለሚተን ይወፍራሉ።

የሚያስፈልጋችሁ አር ኦ ዲ አይ የሚባለው፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን (ሜምብሬን) አሳልፎ የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ማጣሪያውን ከመግጠማችሁ በፊት የውሃ ግፊቱን ለኩ። ከ3 ባር በታች ከሆነ ሜምብሬኑ በአግባቡ አያጣራም። ፎቅ ላይ ከሮቶ የሚወርድ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ግጠሙለት።

ለ. አዲስ ማጣሪያ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣውን 10 ሊትር ያህል ለገንዳ አትጠቀሙበት።

ሐ. የወጣውን በቲ ዲ ኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። 0 ማለት አለበት። 2 ወይም 3 ማለት ሲጀምር የመጨረሻውን ካርትሬጅ ቀይሩ።

መ. ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ቢያንስ 40 ሊትር የተጣራ ውሃ በመጠባበቂያ ያዙ። ማጣሪያው የሚያስወጣውን ትርፍ ውሃ አትድፉት፤ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

ከማጣሪያ ይልቅ የባትሪ ውሃ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ፈሳሽ አንዳንዱ አሲድ ያለበት ስለሆነ አትሞክሩት። የታሸገ የመጠጥ ውሃም የራሱ ማዕድን ስላለው ለዘወትር አይሆንም።

ጀሪካኖቹን ከመርካቶ ስትገዙ አዲስ ግዙ። ዘይት፣ በረኪና ወይም ላምባ የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም። ቢጫውን ለንጹሕ ውሃ፣ ሌላ ቀለም ያለውን ለጨው ውሃ መድቡ፤ የጨው ውሃው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ በትልቁ «ጨው» ብላችሁ ጻፉበት።

3. ጨውን አዋሕዱ

የገበታ ጨው አይሆንም። ከአፋር የሚመጣው አሞሌም አይሆንም። ሁለቱም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ናቸው፤ ጃርቷ ቅርፊቷንና እሾኋን የምትሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ካርቦኔት በሚገባቸው መጠን የለባቸውም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ቅልቅል ያስፈልጋል። ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣላችሁ ሰው ካገኛችሁ የስድስት ወር አንድ ላይ አስመጡ፤ የተከፈተውን ከረጢት አየር እንዳይገባው ክዳኑ በሚጠብቅ ባልዲ አስቀምጡት።

ሀ. 20 ሊትር የተጣራ ውሃ ወደ ባልዲ ቅዱ፤ ሂተር አስገብታችሁ 25 ዲግሪ አድርሱት።

ለ. ፓምፕ አስገቡና ውሃው እየተዘዋወረ ከ700 እስከ 760 ግራም ጨው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ጨው ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይደለም። ተገላቢጦሹን ካደረጋችሁ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ውሃ አይስተካከልም፣ ድፉት።

ሐ. ሌሊቱን እየተዘዋወረ ይደር።

መ. ጠዋት በሪፍራክቶሜትር (በብርሃን ጨዋማነትን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ሪፍራክቶሜትሩን ራሱን አስቀድማችሁ 35 በተባለው የመለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉ። በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ አስተካክሎ መተው በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል።

4. ገንዳው እስኪበስል ጠብቁ

ድንጋዩ፣ አሸዋውና ውሃው ከገቡ በኋላ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሰው ሁሉ ጃርት ለማስገባት ይጣደፋል። አትቸኩሉ። ጃርት የምትበላው ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ነው፤ አዲስ ገንዳ ለእሷ ባዶ ቤት ነው። ድንጋዩ አረንጓዴና ቡናማ እስኪለብስ፣ ከተቻለም ወይን ጠጅ የሚመስለው ጠንካራ አልጌ ነጠብጣብ እስኪታይ ቆዩ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ድንጋዩን በደንብ ደግፉ። ጃርት ጠባብ ቦታ ውስጥ ገብታ በእሾኋ ትገፋለች፤ ያልተደላደለ ድንጋይ ይናዳል። ድንጋዩን አሸዋ ላይ ሳይሆን በቀጥታ መስታወቱ ታች ላይ አስቀምጣችሁ አሸዋውን በዙሪያው አልብሱ።

5. የትኛዋን?

ለጀማሪ ሜስፒሊያ ግሎቡለስን እመርጣለሁ። ክብ ናት፣ እሾኋ አጭር ነው፣ በእሾኹ መካከል የሚታዩት ሰማያዊ ሰንበሮች የታወቁ ናቸው፤ ስታድግ ከ7 ሴንቲሜትር ብዙም አትበልጥም። ያገኘችውን ዛጎልና የድንጋይ ስባሪ በራሷ ላይ ተሸክማ ስትዞር ታያላችሁ፤ ጤነኛነቷ ነው፣ አትቀሟት።

ትሪፕኒውስቴስ ግራቲላ ቀይ ባሕራችን አካባቢም የምትኖር ናት፤ ግን እስከ 15 ሴንቲሜትር ታድጋለች፣ የምትበላውም ብዙ ነው። እርሳስ የመሰለ ወፍራም እሾኽ ያላት ዓይነት ከአልጌ አልፋ ስፖንጅና ኮራል ትበላለች። ዲያዴማ ሴቶሰም ረጅም፣ መርዛማና ተሰባሪ እሾኽ አላት፤ ሕፃን ባለበት ቤት አታስገቧት።

ስትመርጡ ቪዲዮ አስልኩ። እሾኹ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ የተላጨ የሚመስል ቦታ መኖር የለበትም። በእሾኹ መካከል እየረዘሙ የሚይዙት ስስ የቱቦ እግሮች ሲንቀሳቀሱ መታየት አለባቸው። ሻጩ ገልብጧት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ጤነኛዋ በደቂቃዎች ውስጥ ራሷን ታቃናለች። ይህን ማድረግ ያልቻለችውን አትግዙ። የእንስሳ ማስገቢያ ፈቃድና የጤና የምስክር ወረቀት ጉዳይን ከማዘዛችሁ በፊት ጨርሱ፤ ኤርፖርት ላይ በወረቀት ምክንያት አንድ ቀን ማደር ለእሷ ሞት ነው።

አብረው የማይኖሩ፦ ትሪገር፣ ፓፈር፣ ራስ (wrasse) የሚባሉ ትልልቅ ዓሣዎችና ትልልቅ ሸርጣኖች።

6. ጃርቷን ተቀበሉ

አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ በዝርዝር እሄዳለሁ።

በአውሮፕላን ረጅም ሰዓት የመጣች ጃርት ያለችበት ፌስታል ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል። ፌስታሉ እስካልተከፈተ ድረስ ውሃው ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒ ኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም አይጎዳትም። ፌስታሉ በተከፈተ ቅጽበት ጋዙ ይወጣል፣ ፒ ኤቹ ይጨምራል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ «ሁለት ሰዓት ቀስ ብላችሁ አላምዱ» የሚለው ምክር ረጅም መንገድ ለመጣች ጃርት በዚያው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ከሆነ ይገድላታል። መፍትሔው ይህ ነው፦

ሀ. ሻጩን የውሃው ጨዋማነት ስንት እንደሆነ ከመላኩ በፊት ጠይቁት። 32 ካለ፣ እናንተም አምስት ሊትር 32 የሆነና 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ የጨው ውሃ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ለ. ፌስታሉን ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከል። የክፍሉን መብራት ቀንሱ።

ሐ. ክፈቱ፤ በፍጥነት ጨዋማነቱን ለኩ። ያዘጋጃችሁት ውሃ ከዚያ ጋር ካልገጠመ በቶሎ አስተካክሉ። አየር ላይ ሳታቆዩ፣ ሳትጎትቱ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ከሥሯ አስገብታችሁ ወዳዘጋጃችሁት ውሃ አዛውሯት። የመጣችበትን ውሃ ወደ ገንዳው አታስገቡ። ከ2022 ጀምሮ በካሪቢያን፣ ቀጥሎም በቀይ ባሕር ዲያዴማ ጃርቶችን የፈጀው ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ የሚዛመተው በውሃ ነው።

መ. አሁን ማላመድ ጀምሩ። ከፋርማሲ ያልተከፈተ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ፤ ጎማ ተሽከርካሪ ያለው መቆጣጠሪያው ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ አስራችሁ፣ ሌላውን ጃርቷ ወዳለችበት ዕቃ አውርዱ። በቀስታ ይውረድ።

ሠ. ውሃው እጥፍ ሲሆን ግማሹን ቅዱና ድፉ፤ እንደገና ይንጠብጠብ። ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር እኩል እስኪሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት፤ አለዚያ ጨው እያስተካከላችሁ ሙቀት ታዛባላችሁ።

ረ. ወደ ገንዳው ስታስገቧት ጥላ ባለበት ድንጋይ ሥር፣ አፏን ወደ ታች አድርጋችሁ አኑሯት። የዚያን ቀን መብራት አታብሩ።

ከዕቃው ጋር ተጣብቃ እንቢ ካለች አትሳቧት። የቱቦ እግሮቿ ይበጠሳሉ። ዕቃውን ውሃ ውስጥ እንዳለ ዘንበል አድርጋችሁ ተዉት፤ ራሷ ትወርዳለች። የግድ ከሆነ የስልክ ካርድ የመሰለ ስስ ፕላስቲክ በቀስታ ከሥሯ አንሸራትቱ።

7. መግቧት

«ገንዳው አልጌ አለው» ብላችሁ አትዘናጉ። አንዲት ጃርት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ድንጋዩን ልታጸዳው ትችላለች፤ ረሃቡ የሚጀምረው ገንዳው አምሮ በሚታያችሁ ሰዓት ነው።

ዋናው ምግቧ ኖሪ የሚባለው ደረቅ የባሕር አረም ይሁን። የእስያ ምግብ የሚይዙ ሱፐርማርኬቶች ለሱሺ ብለው ይሸጡታል። ዘይትም፣ ጨውም፣ ቅመምም ያልነካውን ምረጡ። በአምስት ሴንቲሜትር ካሬ ቁረጡ፤ በላስቲክ ድንጋይ ላይ እሰሩ፤ ድንጋዩን ማታ መብራቱ ሲጠፋ ጃርቷ ባለችበት አጠገብ አስቀምጡ። ሌሊት ነው የምትወጣው። አንድ ቀን እያለፋችሁ ስጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልበላችውን አውጡት።

ኖሪ ካለቀ የአበሻ ጎመን ይሆናል። በደንብ እጠቡት፣ አንድ ደቂቃ ቀቅሉት፣ አቀዝቅዛችሁ በድንጋይ እሰሩት። ቆስጣ ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት አዘውትራችሁ አትስጡ።

መስታወቱን ስታጸዱ የፊቱን ብቻ አጽዱ። የጀርባውና የአንድ ጎኑ አልጌ ለእሷ ይቅርላት።

8. በየቀኑና በየሳምንቱ

በየቀኑ፦ ገንዳው ላይ በማርከር የውሃውን ልክ አስምሩ። ውሃው ከመስመሩ በታች ሲሆን በንጹሕ ውሃ ብቻ ሙሉት። ሲተን የሚሄደው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም። በበጋ ደረቅ አየር ከ200 ሊትር በቀን ሦስት አራት ሊትር ሊተን ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ ወይም በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ግጠሙ።

በየሳምንቱ፦ ከ200 ሊትሩ 20 ሊትር ቀይሩ። አዲሱ ውሃ በጨዋማነትም በሙቀትም ከገንዳው ጋር እኩል መሆኑን ሳትለኩ አንዲት ጠብታ አታስገቡ። ናይትሬት፣ አልካሊኒቲና ካልሲየም ለኩ፤ ቀን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሂተሩንና ፓምፑን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። እጃችሁ ላይ ሳሙና፣ ቅባት ወይም በረኪና እንዳይኖር። ገንዳው ባለበት ክፍል ፍሊት አይነፋም፤ ነፍሳትን የሚገድለው ጃርትንም ይገድላል። በዚያ ክፍል ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የገንዳውን ፒ ኤች ያወርደዋል፣ ጭሱንም ስኪመሩ ይስበዋል።

9. መብራት ሲጠፋ

መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሥራችሁም በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን።

ሀ. በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያው አስነሱ። ከሌለ በየ10 ደቂቃው ውሃ በማንቆርቆሪያ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ።

ለ. ኢንቨርተር ካላችሁ ፓምፑን ብቻ አገናኙበት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 ዋት ፓምፕን ከአንድ ቀን በላይ ያቆያል፤ 200 ዋት ሂተር ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያራግፈዋል።

ሐ. ገንዳውን በጎንና በጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። ላዩን ክፍት ተዉት።

መ. ሙቀቱ ከ22 በታች ከወረደ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ አንሳፉ። ጃርቷ እንዳትነካው በክር እሰሩት። በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ አታሙቁ።

ሠ. ምግብ አትስጡ። የተሰጠ ካለ አውጡት።

ረ. መብራት ሲመለስ ሂተሩ በውሃ ውስጥ መሆኑን አይታችሁ ብቻ ሰኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*እሾኽ ረገፈ።* ሁለት ሦስት እሾኽ ከመንገድ በኋላ ሊረግፍ ይችላል፤ ተመልሶ ይበቅላል። በየቀኑ እየጨመረ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ፦ ጨዋማነት፣ አሞኒያ፣ ሙቀት፣ መዳብ፣ ረሃብ። ጨዋማነቱ 38 ሆኖ ካገኛችሁት ባንዴ ወደ 35 አታውርዱት። ከ200 ሊትሩ 5 ሊትር ያህል ቅዱና በምትኩ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፤ ያ ወደ 37 ያወርደዋል። ቀሪውን በነገውና በከነገ ወዲያው። ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ደግሞ የሚተነውን በንጹሕ ውሃ ፈንታ በጨው ውሃ እየተካችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡት። አሞኒያ ከታየ በተስተካከለ ውሃ ሩቡን ቀይሩ፣ አየር ጨምሩ፣ የሞተ ነገር ካለ ፈልጉ። መዳብ ከሆነ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) እና መዳብ የሚመጥ ማጣሪያ አስገቡ፤ ጃርቷን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ አውጧት።

*ጀርባዋ ላይ ራቁት ሆኖ የጠቆረ ወይም የቀላ ቁስል ታየ።* ባክቴሪያ ነው። ለይታችሁ በተመሳሳይ ውሃ አቆዩአት፤ ውሃውን በየቀኑ በከፊል ቀይሩ። ዓሣ ላይ የሚሠራ መድኃኒት አታስገቡባት።

*ተገልብጣ ተገኘች።* አንድ ሰዓት ጠብቁ። ካልተነሣች በጎድጓዳ ሳህን አንሥታችሁ ድንጋይ አስጠጓት። ደጋግማ ከወደቀች ደክማለች ማለት ነው፤ ወደ መለኪያችሁ ተመለሱ።

*ውሃው በድንገት ወተት መሰለ።* ጃርቷን ከላይ ተመልከቷት። ከአናቷ ነጭ ወይም ቢጫ ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ዘር እየለቀቀች ነው፤ እየሞተች አይደለም። ስኪመሩን አጠንክሩ፣ ካርቦን አስገቡ፣ አየር ጨምሩ፣ ሩቡን ውሃ ቀይሩ።

*ሞታለች ወይስ አልሞተችም?* የቱቦ እግሮቿ በጣት ሲነኩ ካልተንቀሳቀሱ፣ አፏ ዙሪያ ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከሰመጠና ከሸተተች ሞታለች። በዚያው ሰዓት አውጧት፤ አንዲት የበሰበሰች ጃርት የቀረውን ገንዳ በአንድ ሌሊት ትመርዛለች።

*እሾኽ እጃችሁን ወጋ።* እጃችሁን ከ43 እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ፣ ቆዳ በማይፈጅ ልክ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩ። በውጭ የሚታየውን ብቻ በመልቀሚያ አውጡ፤ ሥጋ ውስጥ አትቆፍሩ። መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

10. ከቤት ስትወጡ

ገንዳውን የሚጠብቅላችሁን ሰው በቃል ብቻ አታስረዱት። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራሱ ሲያደርገው እዩት። የጨው ውሃውን ጀሪካን ወደ ሌላ ክፍል አውጥታችሁ ቆልፉበት፤ በገንዳው አጠገብ ቢጫው ብቻ ይቅር። ኖሪውን የአንድ ጊዜውን ለየብቻ በትንሽ ፌስታል ከፋፍላችሁ ቀን ጻፉበት። እኔ አሁን ስሄድ መስታወቱ ላይ የምለጥፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«እህቴ፣ ጠዋትና ማታ እስከ ጥቁሩ መስመር ሙዪ። ከቢጫው ጀሪካን ብቻ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ አንዷን ፌስታል ስጪያት፤ በማግስቱ የተረፈውን አውጪ። መብራት ከሄደ ትንሿን የአየር ፓምፕ አብሪና ጋቢውን ጠቅልዪበት። እሾኽ አሸዋው ላይ ካየሽ ምንም ነገር ሳትጨምሪ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።»